አጥንት የሌለው ምላሴ የገባው ቃል

ምላስ አጥንት የለውም ይባላል። የእኔ ምላስ አጥንት ስለሌለው ነው መሰለኝ፣ የአጥንቴን መቅኔ ቃል ገብቶ ቁጭ አለ። ቃሉን የገባሁት ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ጤንነቴ፣ በገዛ ፊርማዬ ነው። ቃልህን ጠብቅ የሚለኝ ሰው ሲደውል ግን፣ የት እንደገባሁ ማወቅ የፈለገ የምሠራበትን የፓርኪንግ ጋራዥ የመጨረሻውን ምድር ቤት መፈተሽ ነበረበት። እዚያ ስልክ አይሠራም።

ያን ጊዜ ላጤ ነበርኩ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሻይና አምባሻ ይዞ ሲጨዋወት፣ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የደም ካንሰር ለያዘው የአንድ ወገናችን ልጅ የሚገጥም መቅኔ እየተፈለገ ነው ተባለ። ወደ አዳራሹ የገባሁት ለአምባሻው ነው። ወደ ጠረጴዛው የተጠጋሁት ደግሞ ከጀርባው ለተቀመጠችው ነርስ ነው። ለታመመው ልጅ ብዬ ያደረግኩት አንድም ነገር የለም።

ነርሷ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፤ ሁለት ዓመት ቀንሼ ነገርኳት። ቀጥሎ ፎርሙ ላይ የትውልድ ዘመኔን ስሞላ ሒሳቡ አልገጠመም። አየችው፤ ምንም አላለችም። «ከባድ ሕመም አለብህ?» አለችኝ። የለብኝም ብዬ ደረቴን ነፋሁ። «እሺ፣ አንድ ቀን ለአንድ ታማሚ ትገጥማለህ ተብሎ ቢደወልልህ ትመጣለህ? የማትመጣ ከሆነ አሁኑኑ ብትተወው ይሻላል።»

«እኅቴ» አልኳት፣ አጠገባችን ያሉትም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እኔ ለሰው ልጅ ደሜን አፈሳለሁ!»

«ደም አይደለም፤ መቅኔ ነው» አለችና ጫፋቸው ላይ ጥጥ የተጠመጠመባቸውን ዘንጎች ሰጠችኝ። «ጉንጭህን ከውስጥ በኩል እሸው።»

ጉንጬን እያሸሁ፣ ዘንጉ አፌ ውስጥ እንዳለ፣ ስልኳን ለመጠየቅ ሞከርኩ። ምን እንዳልኩ ያን ቀን አልገባትም። ኋላ ግን ገባት፤ ዛሬ የልጆቼ እናት ናት። የችግሬ ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው፤ ቃል ስገባ የሰማችው ምስክር ቤቴ ውስጥ ትኖራለች።

ከዚያ ወዲህ ለዓመታት የመቅኔ ለጋሽ ሆኜ ኖርኩ። በወሬ ማለቴ ነው። የሰጠሁት ነገር ቢኖር ምራቅ ነው፤ እሱም ትርፍ ነበር። ሆኖም ማኅበር ላይ የደግነት ጨዋታ ከተነሳ ጠላዬን ጎንጨት ብዬ «እኔ እንኳ መቅኔዬን ሰጥቻለሁ» እላለሁ። ለቅሶ ቤት ሄጄ ሟቹ በደም ካንሰር ያረፈ ከሆነ «ምነው ቀድሜ ባወቅኩ ኖሮ!» እያልኩ ዳሌዬን መታ መታ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ የልማት ሥራ መዋጮ ሊጠይቁኝ የመጡትን ሰዎች «ወንድሞቼ፣ ከአጥንቴ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ በባዶ እጃቸው ሸኝቻለሁ። እነሱም አፍረው ይቅርታ ጠይቀውኛል። አሮጊቶች «የእናትህ ማኅፀን ይባረክ!» ብለው ሲመርቁኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን ብያለሁ። እንዲህ ያለ ርካሽ ጽድቅ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ስለምኮራበት ነገር ግን ቅንጣት ያህል አላውቅም ነበር። ያወቅኩት ከተጋባን በኋላ፣ ሚስቴ ከሥራ መልስ እግሯን ከፍ አድርጋ ተቀምጣ ስታስረዳኝ ነው። መቅኔ በአጥንታችን ውስጥ ያለ፣ ደማችንን የሚሠራ ለስላሳ ነገር ነው። የደም ካንሰር ያለበት ሰው ሌላ መፍትሔ ሲጠፋ፣ የታመመው መቅኔው በጠንካራ መድኃኒት ወይም በጨረር ይደመሰስና የጤነኛ ሰው ይተካለታል። ችግሩ የማንም ሰው መቅኔ ለማንም አይሆንም። ኤችኤልኤ የሚባል የሰውነት መለያ አለ፤ በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ የተጻፈ ነው፤ ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት እንወርሳለን። በዚህ ምክንያት የእናት የአባት ልጅ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ሙሉ ለሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ከ10 ታማሚዎች 7 ያህሉ ከቤተሰባቸው የሚገጥም አያገኙም። ስለዚህ ባዳ ይፈለጋል።

ባዳውም ዝም ብሎ ባዳ አይደለም። መለያው በዘር የሚወረስ በመሆኑ፣ ለአንድ ታማሚ ሊገጥም የሚችለው ብዙ ጊዜ ቅድመ አያቶቹ ከታማሚው ቅድመ አያቶች አካባቢ የመጡ ሰው ነው። በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል፤ አብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያለው ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ መዝገብ ራሱ እንደሚለው፣ ሙሉ ለሙሉ የሚገጥም ለጋሽ መዝገቡ ላይ የማግኘት ዕድል ለነጭ ታማሚ 79 በመቶ ሲሆን ለጥቁር ታማሚ 29 በመቶ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ከጥቁሩም ውስጥ ጥቂቱ ነው።

«ስለዚህ አንተ መዝገቡ ላይ ብርቅ ነህ» አለችኝ ሚስቴ።

ብርቅ መሆኔን ስሰማ ኩራቴ ጨመረ። ብርቅ ሰው የጠፋ እንደሆነ ተተኪ እንደሌለው ግን ለአፍታም አልታየኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አሜሪካ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከማይታወቅ ቁጥር የሚደውል ወይ ዕዳ ጠያቂ ነው ወይ የመኪናህ ዋስትና ሊያልቅ ነው ባይ ነው። አላነሳሁም። ደግመው ደወሉ። መልእክት ተዉ። ቀጥሎ ኢሜይል መጣ፤ ከፈትኩት። ለአንድ ታማሚ ልትገጥም ትችላለህና እባክህ በፍጥነት አግኘን ይላል። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ምስኪን፣ ማን ይሆን?» የሚል አልነበረም። «ቁጥሬን ማን ሰጣቸው?» የሚል ነበር።

ኢሜይሉን ያልተነበበ እንዲመስል አድርጌ መለስኩት። ማንን ለማታለል እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሳጥኑን የምከፍተው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ምድር ቤት መዋል ጀመርኩ። የጋራዡ አለቃዬ የታችኛውን ፎቅ እንደዚያ ጠርጌው እንደማላውቅ አይቶ «ምን ነካህ፣ ዕድገት ፈለግክ እንዴ?» ብሎኛል።

የመዝገቡ ሰዎች ግን እንደኔ ያለውን ያውቁታል። ሰው ሲመዘገብ እሱ ቢጠፋ የሚጠየቅ የሌላ ሰው ስልክ ይሰጣል። ከተጋባን በኋላ አድራሻችንን ስታስተካክል ሚስቴ የራሷን ቁጥር አስገብታ ኖሯል። ደወሉላት። ማታ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ያዘችኝ።

«ስልክህ ምን ሆነ?»

«ባትሪው...»

«ሳምንቱን ሙሉ?»

ላብ አጠመቀኝ። እሷው ቁጥሩን መትታ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ያነጋገረችኝ ረጋ ያለች ሴት ናት። ለምን ጠፋህ ብላ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተቆጥቼ ስልኩን እዘጋው ነበር። ታማሚዋ የደም ካንሰር ያለባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት አለችኝ። ስሟን፣ ከተማዋን አይነግሩም፤ ሕጉ ነው። የምርመራ ደም ለመስጠት ፈቃደኛ ነህ ወይ አለችኝ።

«ላስብበት» አልኩ።

ማሰብ ያልኩት የሚከለክለኝ ሰው ፍለጋ ነው። መጀመሪያ የመጣችልኝ እናቴ ናት። ደሴ ያለችው እናቴ ጉንፋን ያዘኝ ብዬ ብነግራት ሱባኤ የምትገባ ሴት ናት። ስለዚህ ድምፄን አሳዝኜ፣ «እማዬ፣ ፈረንጆቹ አጥንቴን በስተው ውስጡ ያለውን ሊቀዱት ነው» አልኳት። «ወይኔ ልጄን!» የሚለውን ጩኸት ጠበቅኩ። በዚያ ጩኸት ተከልዬ «እናቴ እምቢ አለች፣ የእናት እርግማን ደግሞ...» ልል አዘጋጅቼ ነበር።

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። «ለማን ነው?»

«ለአንዲት ልጅ። አላውቃትም።»

«እናት አላት?»

«ይኖራታል እንጂ።»

«አንተ ትሞታለህ?»

«ኧረ አልሞትም።»

«ሽባ ትሆናለህ?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር፤ ሚስቴ ግን አጠገቤ ቡና ትቆላ ነበር። «አልሆንም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ያስደውልሃል? ሂድና ስጣት! አጥንት ቀቅለህ መረቁን ጠጣበት፣ ይተካልሃል» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። የተወሰደው መቅኔ በ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ራሱን እንደሚተካ ሐኪሞቹም ይናገራሉ። ከመረቁ በቀር እናቴ አልተሳሳተችም።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ከዚያ በኩል ቀዳዳ አይጠፋም ብዬ ነው።

«አባ፣ በጾም መርፌ መወጋት ያስገድፋል?»

«ልጄ፣ መርፌው ቅቤ አለው?»

«የለውም አባ።»

«እንግዲያው ምን ገዶህ?» አሉና ጥቂት ካሰቡ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ። «ለመሆኑ አንተ መቼ ጾመህ ታውቃለህ?»

በመጨረሻ የሚሆነኝን መካሪ ያገኘሁት ካፌ ውስጥ ነው። ታክሲ የሚነዳ ባልንጀራ አለኝ፤ በሕክምና፣ በፖለቲካና በቤት ግዢ የማያውቀው ነገር የለም። ገና ሳልጨርስለት «ኧረ ተው!» አለኝ። «እኔ የማውቀው ሰው ወንድም እንዲሁ ብሎ አከርካሪውን ተወግቶ እስካሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው።» የት ነው? አያውቅም። ማን ይባላል? አያስታውስም። ሰውየው ስም የለው፣ ከተማ የለው፤ ያለው ተሽከርካሪ ወንበር ብቻ ነው። ለእኔ ግን በቂ ነበር። ከደስታዬ ብዛት ባልንጀራዬን ክትፎ ጋበዝኩት። ጾሙ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋሁ ቤት ገባሁና ለሚስቴ አቀረብኩላት። ምንም ሳትናገር አስነሳችኝ፣ አዞረችኝ፣ ከወገቤ ዝቅ ብሎ ዳሌዬ ላይ ከኋላ በኩል በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች። «እዚህ ነው» አለች። ቀጥላ ጣቷን ወደ ላይ ወስዳ ጀርባዬ መሐል አሳረፈችው። «አከርካሪህ ይኸው። ማንም አይነካውም።»

መቅኔ ከዳሌ ሲቀዳ ለጋሹ ሰመመን ተሰጥቶት ስለሚተኛ ሲወጋ አያውቀውም፤ ሲነቃ ግን ለጥቂት ቀናት ከደረጃ እንደወደቀ ሰው ወገቡን ያመዋል። አሁን አሁን ደግሞ ብዙው ልገሳ ከዳሌ አይደለም፤ ከክንድ ነው። ለጋሹ ለአምስት ቀን ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ ይወጋል። መርፌው መቅኔ ውስጥ ያሉት ስቴም ሴሎች ወደ ደም እንዲወጡ ያደርጋል፤ አጥንትን ይቆረጥማል፣ ራስን ያሳምማል። ከዚያ ደሙ በአንድ ክንድ ወጥቶ በማሽን ያልፋል፣ ሴሎቹ ተለቅመው ይቀራሉ፣ የተረፈው በሌላው ክንድ ይመለሳል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ተኝቶ ፊልም ማየት ይቻላል።

«እንግዲያው ፊልሙን እመርጣለሁ» አልኩ።

«ምርጫው የሐኪሟ ነው። ለልጅ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከዳሌ የተቀዳውን ነው የሚፈልጉት።»

ጉልበቴ ተብረከረከ። ገንዘብ የለንም ልል አሰብኩ፤ ለጋሽ ለሕክምናውም ለጉዞውም አምስት ሳንቲም እንደማይከፍል ነገረችኝ። የቀረኝ ሳይንስ ነበር። ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳነብ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። እዚሁ ጎረቤታችን ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ሐኪሞች በግማሽ ብቻ የሚገጥም መቅኔ፣ ለምሳሌ የእናትን ወይም የአባትን፣ ንቅለ ተከላው ካለቀ በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባል መድኃኒት በመስጠት እንዲሠራ አድርገዋል። በዚህ ዘዴ ብዙ ሰው ድኗል። ጠዋት ለሚስቴ እንደ ፕሮፌሰር አብራራሁላት። «ስለዚህ» አልኩ፣ «እናቷ ትስጣት።»

ሻይዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ልጅቷ ሐኪም አላት። ሐኪሟ እናቷን ትቶ አንተን ከጠራ፣ አንተ ሌሊት በስልክ ያላነበብከውን ነገር አይቶ ነው።»

የሚያሳፍረው፣ በዚያው ሌሊት የፈለግኩት ሌላ ነገር መሆኑ ነው። መቅኔ ሲሰጥ የሞተ ሰው ታሪክ ፈልጌ ሚስቴን ላስደነግጥ ነበር። ያገኘሁት ግን ሸርሊ ኖላን የምትባል እንግሊዝ አገር የነበረች እናት ናት። ልጇ አንቶኒ ብርቅ የሆነ የደም ሕመም ነበረበት፤ ከቤተሰቡ የሚገጥም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዝምድና የሌላቸውን ለጋሾች የሚመዘግብ በዓለም የመጀመሪያውን መዝገብ ለንደን ውስጥ አቋቋመች። ለአንቶኒ የሚገጥም ሳይገኝ እ.ኤ.አ. በ1979 በ7 ዓመቱ ሞተ። መዝገቡ ግን ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ የሌሎችን ልጆች ያተርፋል። በዚያው በ1979 ሲያትል ውስጥ ላውራ ግሬቭስ የምትባል የደም ካንሰር የያዛት የ10 ዓመት ልጅ ከማይዛመዳት ሰው መቅኔ ተቀበለች። የሰጣት እዚያው የሕክምና ማዕከል ከሚሠሩት አንዱ ነበር፤ ገጥሞ ተገኘ፣ ሰጠ። ካንሰሩ ኋላ ተመልሶ ልጅቷን ቢወስዳትም፣ የአሜሪካው ብሔራዊ መዝገብ እንዲቋቋም ከታገሉት መካከል ወላጆቿ ነበሩ። ያን ንቅለ ተከላ ያደረገውን ቡድን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ዶናል ቶማስም በ1990 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የሲያትሉን ለጋሽ ሳስብ፣ ታክሲ የሚነዳ ባልንጀራ አልነበረውም ማለት ነው አልኩ።

ከሁሉ የባሰው ግን የእስራኤሉ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 አንድ ጋዜጣ አንድ ጉድ አወጣ። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ተሰልፈው የሚሰጡት ደም ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ሥጋት፣ ሳይነገራቸው ይደፋ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወጥተው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። እ.ኤ.አ. በ2013 እንኳ ኢትዮጵያ የተወለዱት የምክር ቤት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ውስጥ ደም ልስጥ ቢሉ፣ የእርስዎን እንደማንኛውም ሰው አንቀበልም ተብለዋል። እነሱ ደማችን ይወሰድልን ብለው አስለቃሽ ጭስ መሐል ገቡ። እኔ እባክህ ስጠን እየተባልኩ መኪና ማቆሚያ ሥር ገባሁ።

ይህን አንብቤ ልቤ ተነክቶ ሄድኩ ብል እዋሻለሁ። የሄድኩት ሚስቴ ስለወሰደችኝ ነው። መኪናውን እሷ ነዳች፤ የእኔን በር ከእሷ በኩል ቆለፈችው።

ደም የምትቀዳው ልጅ ሐበሻ ሆና ቁጭ! ስሜን አይታ ፈገግ አለች። ለመቅኔ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ስታነብ ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እግዚአብሔር ይስጥልን ወንድሜ! የኛ ሰው እኮ ይመዘገብና ሲጠራ አይመጣም።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ» አልኩ፣ «የኛ ሰው ትልቅ ችግር አለበት።» ሚስቴ አጠገቤ ሳሏን መቆጣጠር አቃታት።

ልጅቱ ክንዴን በላስቲክ አሠረች፤ ክዳናቸው ቀይ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ የሆኑ ብልቃጦች ደረደረች። ሲደረደሩ ቁጥራቸውን ላለማየት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ መመሪያ ማንበብ ጀመርኩ። «እጅህን ጨብጥ» አለችኝ። ጨበጥኩ። መርፌው ሲገባ የሕዝባችን የንቃት ማነስ ከየት እንደመጣ ማስረዳት ይዤ ነበር፤ ከቅኝ ግዛት አለመገዛታችን ጋር አያይዤዋለሁ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ እግሬ ከራሴ በላይ ሆኗል፣ አፌ ውስጥ ጭማቂ መምጠጫ ተሰክቷል፣ ሚስቴ በመጽሔት ታራግበኛለች። ልጅቱ ቀሪዎቹን ብልቃጦች እንደተኛሁ ሞላቻቸው። «አይዞህ» አለችኝ፣ «ትልልቅ ወንዶች ላይ ይበረታል።» ትልልቅ ያለችው ቁመት ይሁን ዕድሜ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ጥበቃው ሲረዝም ክፉ ነገር አመጣብኝ፤ መፈለግ ጀመርኩ። ልጅቷን ለማዳን ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። የኔ ፍላጎት ግን ከንቅለ ተከላው አልፎ ዝግጅቱ ላይ ደርሷል። በአሜሪካ ደንብ ለጋሹና ታማሚው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሁለቱም ከፈቀዱ፣ ሊተዋወቁ ይችላሉ። እኔ ያን ቀን ምን እንደምለብስ ወስኜ ጨርሼ ነበር፤ ነጭ በነጭ፣ በጋቢ። እናቷ እግሬ ላይ ስትወድቅ «ኧረ ተነሺ፣ እኔ ምን አደረግኩ» የሚለውን በእንግሊዝኛ መስታወት ፊት ተለማምጃለሁ። ንቅለ ተከላው ሲሳካ የታማሚው የደም ዓይነት ወደ ለጋሹ ዓይነት እንደሚለወጥ ሳነብ ግን ትንሽ ደነገጥኩ። «ፍርሃቴም ቢጋባባትስ?» አልኳት ሚስቴን። «ፍርሃት በመቅኔ አይተላለፍም» አለች፤ «በካፌ ነው።»

ደወሉ። ወዲያው አነሳሁ። ያቺው ረጋ ያለች ሴት ናት። ስለ ትብብርህ እናመሰግናለን፣ ለጊዜው ልገሳህ አያስፈልግም፣ ስምህ መዝገቡ ላይ ይቆያል አለችኝ። ለምን እንደሆነ አይነገርም። ምናልባት የተሻለ የሚገጥም ተገኝቷል። ምናልባት ሐኪሟ ሌላ መንገድ መርጧል። ምናልባትም ልጅቷ ንቅለ ተከላ ለመቀበል የማትችልበት ደረጃ ደርሳለች።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ በረጅሙ ተነፈስኩ፤ ዳሌዬን በእጄ ዳበስኩት፣ ሙሉ ነው። ሒሳቡ የመጣው ቆይቶ ነው። ለንቅለ ተከላ የሚዘጋጅ የደም ካንሰር ታማሚ፣ በሽታው በመድኃኒት ተገፍቶ ጋብ ያለባት ጊዜ አለችው፤ ሐኪሞቹ የሚሽቀዳደሙት ለዚያች ጊዜ ነው። ከዚያች ጊዜ ላይ እኔ ጋራዥ በመጥረግ፣ ክትፎ በመጋበዝና ላስብበት በማለት የቆረስኩት አለ። ደውዬ «የኔ መዘግየት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ስለ ታማሚው ምንም መናገር እንደማይችሉ በትሕትና ነገሩኝ። ልክ ናቸው። ሊያጽናኑኝ አልተቀጠሩም።

በዚህ አፍሬ ዝም ብል ኖሮ ጥሩ ነበር። ማኅበር ቀን ደረሰና ሰው «እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔማ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እነሱ ናቸው የተዉት» አልኩ። ደም ስሰጥ ራሴን የሳትኩትንም «ብዙ ስለቀዱኝ ነው» ብዬ አቀረብኩት። አሮጊቶቹ መረቁኝ። አሜን አልኩ። ሚስቴ ከወዲያ ጥግ ሆና ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቤት ስንገባ የተናገረችኝን ይህ መጽሔት አያወጣውም።

እንግዲህ አንባቢ፣ ምክር ለመስጠት እኔ ምን አፍ አለኝ፤ የማውቀውን ልንገራችሁና ላብቃ። አሜሪካ ላላችሁ መመዝገብ ነፃ ነው። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 40 ከሆነ ጥጡ በፖስታ እቤታችሁ ድረስ ይመጣል። እስራኤል፣ እንግሊዝና ጀርመን ያላችሁም የየአገራችሁ መዝገብ አላችሁ፤ መዝገቦቹ ስለሚፈላለጉ ፍራንክፈርት ያለ ሰው አትላንታ ላለች ልጅ ሊገጥም ይችላል። ለነርሷ ብላችሁ ብትመዘገቡም ቅር አይለኝም። ስልኩን የማታነሱት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ስማችሁን አስወጡ፤ መብታችሁ ነው፣ ማንም ለምን አይላችሁም። አልሰጥም ያለን ሰው ሐኪሙ አልፎት ሌላ ይፈልጋል። እሺ ብሎ የተሰወረውን ግን ይጠብቀዋል። በተለይ የታማሚው መቅኔ መደምሰስ ከተጀመረ በኋላ መመለሻ የለም፤ ለጋሹ በዚያ ሰዓት ቢጠፋ ታማሚው ሊሞት ይችላል።

የእኔ ስም 61 ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እዚያ ይቆያል። እናንተም ከዓመታት በፊት ጉንጫችሁን አሽታችሁ የረሳችሁ ብዙ ናችሁ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ወይም ቤት ቀይራችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ደውላችሁ አዲሱን አድራሻችሁን አስመዝግቡ።